ሽማግሌዎቹ አልቀመጥ አሉ

እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጆሃንስበርግ

ዛሬ ፎርድስበርግ እነሚራ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። ወጉ ስለሆነ እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ፤ ጋሽ ደሳለኝና ሁለት ጓደኞቻቸው ማስካቸውን አጥልቀው ገቡ። እናቷ ሻይና ሳምቡሳ አቅርበው ቢጠብቁም፣ ሽማግሌዎቹ እንደ አገራችን «ልጃችሁን ለልጃችን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሚራ ይህን ወግ ከእኔ ሰምታለች፤ ለአባቷ ግን የነገራቸው የለም።

አባቷ ቤታቸውን የተጸየፉባቸው መሰላቸው። «ኮሮና ፈርታችሁ ከሆነ ለምን መጣችሁ? ደግሞስ ልጄን እንደኛው ለጉጅራቲ ሕንድ እንጂ ለባዳ አልሰጥም» ብለው ተቆጡ። ጋሽ ደሳለኝ በሰባራ እንግሊዝኛቸው ሊያስረዱ ሲሞክሩ፣ ሚራ ከሶፋው ተነሥታ ከጎናቸው ቆመች። አባቷ «ተቀመጪ» አሏት።

«እነሱ ሳይቀመጡ አልቀመጥም» አለች።

ጋሽ ደሳለኝ ይህን መኪና ውስጥ ሲነግሩኝ፣ «ስንት ሽምግልና ሄጃለሁ፤ ልጅቷ ራሷ ሽማግሌ ስትሆን ግን ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

አባቷ ሁለተኛ እንዳትመጡ ብለዋል። ይበሉ። ድሮስ ሽማግሌን በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ማን አለ? የሚመጣው እሑድ እንመለሳለን።

አሁን ከሚራ መልእክት ገባ። «እራቴን ቆሜ በላሁ» ትላለች።