እርሾ አያስልም

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ራስ ምታትሽ ለቀቀሽ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው፤ ማንኮራፋቱን ጎረቤት ከሰሰው ወይስ እስካሁን ታግሰውታል? ትንሿ ጥርስ አወጣች ሲሉ ሰማሁ፤ ሰው መንከስ ከጀመረች አንቺን ወጥታለች ማለት ነው። እኛም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ስል እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ ደህና ናት። እኔን እንደምታውቂኝ ምንም አይነካኝም። አባዬ ግን ደህና አይደለም።

በስልክ እንዳልነግርሽ የእሱን ጆሮ ታውቂዋለሽ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ የት እንደሚያፈስ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሳንባው ደከመ እንጂ ጆሮው አልደከመም፤ ጓዳ ገብቼ ባንሾካሽክ እንኳ ይሰማኛል። ደግሞም ያኔ ቤቱ ተቃጠለ ብዬ ካስለቀስኩሽ ወዲህ በስልክ የምለውን ሁሉ ቀልድ ነው ትያለሽ። ስለዚህ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ወንድም ነገ ወደናንተ ስለሚነሳ በእሱ እጅ ላክሁልሽ። በፊደሌ አትሳቂ፤ ትምህርት ቤቱና እኔ በስምምነት ነው የተለያየነው።

ባለፈው ስትደውዪ፣ አባዬ ያንን ቢራህን ጥመቅና ሲደርስ መጥቼ እጠጣለሁ ያልሽው ትዝ ይልሻል? አንቺ ለጨዋታ ነው ያልሽው። እሱ ግን ስልኩ እንደተዘጋ አልጋው ላይ ሆኖ አዘዘኝ፦ ብቅሉን ቀቅል፣ አጥልል፣ አቀዝቅዝ፣ እርሾውን ጨምር። ትልቁን በርሜል ሞላሁና ክዳኑ ላይ ቀጭን ጎማ ሰክቼ የጎማውን ጫፍ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ነከርኩት። ቢራው ሲብላላ አየሩ በጎማው ይወጣና ውሃውን ቡልቅ ቡልቅ ያሰኘዋል። አባዬ ይህን ድምፅ ካልሰማሁ ስላለ በርሜሉን መኝታ ቤቱ በር ላይ አስቀመጥነው። ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ ደግሞ አየር እንዲያገኝ መስኮቱም በሩም ይከፈት ብላለች፤ ነፋሱ ከመስኮቱ ገብቶ አባዬን አልፎ በርሜሉ ላይ ያርፋል። ለእሱ ትንፋሽ የሆነው ለእርሾው ብርድ ሆነ። ትንሽ ሲንቡለቀለቅ ቆየና ዝም አለ። ብቀምሰው ገና ስኳር ነው። ወደ ሞቃቱ ኩሽና ልውሰደው ብል አባዬ በጄ አላለም፤ ልጄ የምትመጣበት ድምፅ ነው፣ እዚሁ ይሁን አለኝ። ሌላ እርሾ ገዝቼ እንዳለ በብርዱ ላይ ብበትነው እሱም ገብቶ ተኛ።

በርሜሉ ዝም ካለ በኋላ አባዬ ደጋግሞ፣ ምነው ጠፋ ድምፁ ይለኝ ጀመር። ስንቴ ልዋሽ? አልጋው ላይ ሆኖ የማያየኝ ቦታ፣ ከበርሜሉ ኋላ ቁጭ ብዬ ሌላ ጎማ በአፌ ይዤ ጣሳው ውስጥ መንፋት ጀመርኩ። ቡልቅ ቡልቅ ሲል ሰምቶ፣ አዎ እንዲህ ነው አለና እንቅልፍ ወሰደው። እማዬ ያዘችኝና በታመመ አባትህ ትቀልዳለህ ብላ በዕቃ መወልወያው ጨርቅ ጀርባዬን አነደደችው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ራሷን፤ ተንበርክካ፣ ጉንጯን እንደ ኳስ ወጥራ ጎማውን ስትነፋ።

እንዲህ እየተፈራረቅን ሳለ ጉንፋን ያዘኝና ጎማው አፌ ውስጥ እንዳለ ሳል አመለጠኝ። ጣሳው ተንፈቀፈቀ። አባዬ ከአልጋው ላይ፣ አንተ ቁንጫ፣ እርሾ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያስለው? እዚህ ቤት የማስለው እኔ ብቻ መስሎኝ አለ። ከዚያ ሳቀ። እትዬ፣ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁም። ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ነርሷ እስክትመጣ ድረስ ከንፈሩ ጠቁሮ ቆየ።

ሲሻለው ራሱ አሳየኝ። ሌላ አዲስ እርሾ ገዝቼ ለብ ባለ ውሃና በቁንጥር ስኳር ቀሰቀስነው። አረፋ ሲያወጣ ከበርሜሉ በሲኒ እየቀዳን አለማመድነው፤ ብርድ ላይ ድንገት ከወረወርከው ይደነግጣል፣ እንደ ሰው ነው አለኝ። ሙቀቱን በጣቱ ሊለካ ፈለገና ጣቱ አልለይ አለው፤ የእኔን እጅ ይዞ ነከረው። አሁን እሱም ስለፈቀደ በርሜሉን ኩሽና ወስደን እስኪሞቅ ያንቺን ትተሽው የሄድሽውን ወፍራም ካፖርት አለበስኩት፣ ቆለፍኩት፣ ባርኔጣም ደፋሁበት። እማዬ ድንገት ስትገባ አንቺ መስለሻት ስምሽን ጠርታ ሮጠች። ከዚያ ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም። ቢራው ግን ተነሳ! አሁን ካፖርትሽን እንደለበሰ በሩ ላይ ተመልሶ ቀንና ሌሊት ይንቡለቀለቃል።

አባዬ ግን አያምንም። በቃህ ልጄ፣ ሳንባህን አትጨርስ፣ የእኔው ይበቃል ይለኛል። እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው ብዬ ብምል ፈገግ ይላል። ፊቱ ቆሜ አፌን በሁለት እጄ ይዤ አሳየሁት፤ እንግዲያው እናትህ ናት አለ። እሷን ጠርቼ ጎን ለጎን ስንቆምለት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ቆየን፣ አልከፈተውም። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ያመነኝ ሰው አንዲት እውነት ብነግረው እምቢ አለኝ።

ትናንት ነርሷ ስትወጣ ደጅ ድረስ አስከትላኝ፣ ሩቅ ያለ ሰው ካላችሁ አሁኑኑ አስጠሩ አለችኝ። ቢራው ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ገና መክረም አለበት። አባዬ ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ቢራው ሲደርስ አትበዪ፣ አሁን ነይ። አንቺ ዋሽተሽው አታውቂም፤ የቢራው ድምፅ እውነት ነው ብትዪው ያምንሻል።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ለመንገድ ካልፈቀደልሽ ማንኮራፋቱን ቀድቼ ለሰፈር እንደማሰማ ንገሪው። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚያት። እማዬ ዓይንሽን ትስማለች። ልብስ ሰፊው ሰላም ብሎሻል። አባዬ ሰላምታ አልላከም፤ መጻፌን አያውቅም።

ወንድምሽ ቁንጫው
ከበርሜሉ ኋላ፣ ከአባዬ በር ሥር
ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን

ልጄ፣ ቀልዱን አይደለም፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ነይ። እናትሽ።