ሳሎናቸውን ሳይቀቡ ያረፉት የአቶ ቀነዓ ጉሉማ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቀነዓ ጉሉማ ከአባታቸው ከአቶ ጉሉማ ጃለታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጤቤ ፈይሳ ሚያዝያ 12 ቀን 1947 ዓ.ም. በባሌ፣ ገሰራ አካባቢ ተወለዱ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የጻፉት ልጆቻችን ነበሩ። «ትዳራቸው ያለ አንዳች ኮሽታ» የሚል ስላስገቡበት ቀድጄ ጣልኩትና እኔ ባለቤታቸው ሸዋርጋ እንደገና ጽፌዋለሁ። የሚያነብላችሁ ልጃችን በእውቀቱ ነው። አንድ መስመር እንዳይዘል አስጠንቅቄዋለሁ።

አቶ ቀነዓ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በገሰራ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በጎባ ተከታትለው በ1967 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1970 ዓ.ም. በሮቤ ከተማ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ሆነው ተቀጠሩ። በ2007 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በየግቢው እየገቡ ቆጣሪ አነበቡ። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን በር በእርግጫ ካልሆነ እንደማይከፈት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። «ኦቦ ቀነዓ ግቡ» ብሎ ሻይ ያላጠጣቸው ቤት የለም፤ በዚህም ምክንያት ምሳ በሰዓቱ በልተውልኝ አያውቁም።

ጥር 22 ቀን 1975 ዓ.ም. ጎባ ላይ በሥርዓተ ተክሊል ከእኔ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሠርከአዲስንና በእውቀቱን ወልደዋል። እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ በእኚህ ሰው ላይ ይህ ነው የሚባል ቅሬታ አልነበረኝም።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ወር የሠርከአዲስ ሠርግ አንድ ወር ሲቀረው፣ ሳሎኑ ቀለም ይቀባ አልኩ። እርሳቸውም ሠራተኛ አያስፈልግም፣ ራሴ እቀባዋለሁ አሉ። «የውሃ ቀለም፣ ነጭ፣ ሃያ ሊትር» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ይዘውልኝ የመጡት ግን ኪስ ውስጥ የምትገባ የልጆች ሥዕል መሥሪያ ሳጥን ነበረች። አዝራር አዝራር የሚያካክሉ አሥራ ሁለት ደረቅ ቀለሞችና አንድ ብሩሽ ይዛለች። ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጠው ወዳጃቸው አቶ ወዚር ዘንድ ጎራ ብለው የውሃ ቀለም አለህ ወይ ሲሉት እርሷን አወጣላቸው። ስህተት ነው አሉኝ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ቁጥር ሲያነቡ የኖሩ ሰው «ሃያ ሊትር» የሚለውን እንዴት ሳያነቡ እንዳለፉት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በማግስቱ ለመመለስ ከማሰብ ይልቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ በሻይ ብርጭቆዬ ውሃ ቀድተው ሞከሯት። ቀለሙ እርጥቡ ወረቀት ላይ በራሱ ጊዜ ሲሄድ ነይ እዪ እያሉ ጠሩኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር አልሄድኩም። ሠርጉ ግድግዳው ላይ መጋረጃ ተሰቅሎበት አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎረቤት ያውቀዋል። መጀመሪያ የሣሉትን ፈረስ ጎረቤታችን ወ/ሮ ኡሙሰልማ አይተው፣ ማሻአላህ፣ በጉ ያምራል አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍርና ይተው ነበር፤ አቶ ቀነዓ ሃያ ፈረስ ጨመሩ። ከፈረስ ወደ ስንዴ፣ ከስንዴ ወደ ጉም ተሸጋገሩ። ጉሙን ፍለጋ በመኪና ተሳፍረው ተራራው ላይ፣ ሳነቴ ድረስ ይወጡና በረዶ ቀጥቅጧቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ይመለሳሉ። ጉም ለማየት ለሮቤ ሰው መስኮት መክፈት አይበቃም ወይ ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። አንድ ቀን ሻይ መስሎኝ ብሩሽ የታጠበበትን ውሃ ጠጥቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆዎቼን ቆልፌ ማስቀመጥ ጀመርኩ።

ሳሎኑስ? ለፋሲካ ይባላል፣ ፋሲካ ያልፋል። ለመስቀል ይባላል፣ መስቀል ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. አንዱን ሥዕል ይዘው ግድግዳው ላይ ሊለጥፉ ሲሉ ደረስኩባቸው። ይህ ግድግዳ ሳይቀባ አንዲት ወረቀት አይለጠፍበትም አልኳቸው። እሺ አሉ። የአቶ ቀነዓን «እሺ» የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሥዕሉን ጠቅልለው ወጡና ለወዚር ሰጡት። ቀጣዩን ለኡሙሰልማ፣ ከዚያ ቆጣሪ ሲያነቡ ሻይ ላጠጣቸው ሁሉ በየተራ አደሉ። ለዚያራ ወደ ሼክ ሁሴን ሲያልፉ ወዚር ዘንድ የሚያርፉ እንግዶች እንኳ ተሸክመው ሄደዋል። እኔ መቀባቱ አይቀርም እያልኩ፣ እርሳቸው ልቧ ይራራል እያሉ፣ ስምንት ዓመት እንዲሁ ተፋጠጥን። ግድግዳውም አልተቀባ፣ እኔም አልራራሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ምክንያት ጎባ ሆስፒታል ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆዩ። ሐኪሙ ብርድ ከለከላቸው። ሳነቴም ቀረ፣ እጃቸውም ብሩሽ መያዝ አቃተው።

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ላይ አልጋቸው ጎን ተቀምጬ አጥሚት እያጠጣኋቸው ሳለ፣ ከሥዕሎቼ የትኛውን ወደድሽ ብለው ጠየቁኝ።

«ሁሉንም» አልኳቸው።

አዩኝና «አንዱንም አላየሽም ማለት ነው» አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም። ያሉት ግን እውነት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት እኔ ያየሁት የፈሰሰ ውሃ፣ የቆሸሸ ብርጭቆና ጭቃ የለበሰ ጫማ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ አንድም ቀን ቆሜ አላየሁም። አሁን ልይ ብዬ ስነሳ ቤታችን ውስጥ አንድ ሥዕል አልነበረም፤ ሁሉም የሰው ቤት ገብቷል። የአቶ ቀነዓን ሥዕል አሳዩኝ ብዬ ጎረቤት ደጅ መቆም አፈርኩ፤ በእውቀቱን ወደ ወዚር ብልከው ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰውየው ለንግድ ጊኒር ወርዷል ተባለ። ሲመለስ ይመጣልናል አልን። አልደረሰም። አቶ ቀነዓ ማክሰኞ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ቀነዓ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት እንዲሁም የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። እኔንም ለአርባ ሁለት ዓመት ሲያናድዱኝ ኖረው፣ አሁን የሚያናድደኝ ሰው አጥቼ ቀርቻለሁ።

እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ የእርሳቸው ሥዕል ቤቱ ያለው ብዙ ነው። በአርባቸው፣ ሐምሌ 12 ቀን፣ ሥዕሉን ይዛችሁልኝ ኑ። ትወስደዋለች ብላችሁ አትስጉ፤ ከጀርባው ስማችሁን ጻፉበት፣ አይቼ እመልሳለሁ። በጉም ቢሆን፣ ፈረሱም ቢሆን አምጡት። ግድግዳው እንዳለ ነው፣ በዚያው ላይ እንለጥፈዋለን።

እግዚአብሔር የወዳጃችንን ነፍስ ብርድ በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን። እኔ ደግሞ ያን ዕለት አንዱን ሳልመርጥ ከሳሎኑ አልወጣም። በማግስቱ እዚህ መቃብራቸው ድረስ መጥቼ የትኛው እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።