በማርሊስ ስም የተባለው ይቅርታ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለራንዳል፤

እንዴት ነህ ወንድሜ? ጤናህስ? ያ በልጅነትህ ሜዳ ላይ የተሰበረው ግራ ጉልበትህ ብርድ እንደማይወድ ስለማውቅ፣ ኦክላሆማ በረዶ ጣለ በተባለ ቁጥር አንተን ነው የማስበው። ጃነል እንዴት ናት? መንታዎቹስ? ኤቨሬት የጥርሱ ሽቦ ወለቀለት ወይስ አሁንም ሾርባ ላይ ነው? ሩቢስ የአንድ እግር ጫማዋን መጣል ተወች? እኛ ደኅና ነን። እማማ ከወገቧ በቀር ምንም አትል፤ እኔም ተመስገን፣ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ቆሜ እሠራለሁ።

ይህን ሁሉ የጠየቅኩህ ከልቤ ነው። እማማ ስታሳድገን "ለጠብ የሄደ ሰው እንኳ መጀመሪያ ደኅና ዋላችሁ ይላል" ትለን አልነበር? ብያለሁ እንግዲህ። አሁን የመጣሁበትን ልንገርህ። ስልክህን የማላነሣው ስላኮረፍኩ ብቻ አይደለም። በስልክ ስናወራ ድምፅህ ያሸንፈኛል፤ ከሕፃንነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ ሁለት ቃል ተናግረህ ታስቀኛለህ፣ ከዚያ የምለው ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም።

የፉትቦል ተጫዋቾቹ የሚጫወቱለትን ኮሌጅ በየቴሌቪዥኑ የሚመርጡበት ረቡዕ ጸጉር ቤቴ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። በየዓመቱ ያንተ የአሰልጣኙ ወንድሜ በዓል ነው። የኮሌጅህን ብርቱካንማ ባንዲራ በረንዳው ላይ ሰቅያለሁ፣ የሙዝ ፑዲንግ ሠርቻለሁ፣ ደንበኞቼም ያንተን ማሊያ ለብሰው ከጠዋት ጀምረው ገብተዋል። እትዬ ኤድዊና ጭንቅላቷን ሙሉ ቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ ሆና፣ "ዘንድሮ ወንድምሽ አንድ ግድግዳ የሚያህል ተከላካይ ካላመጣ፣ እኔው ሄልሜቴን አድርጌ እገባለታለሁ!" ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላዋም ተቀብላ፣ "አንቺ ከገባሽማ ኳሱን ትቶ የሚሸሸው ብዙ ነው" አለቻት። እኔም እንደ ሞኝ አብሬያቸው እስቃለሁ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ቴክሳስ ውስጥ ያለ አንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ አሳየን። እንደ ደንቡ፣ ተጫዋቹ የመረጠውን ኮሌጅ ኮፍያ አንሥቶ እንዲያጠልቅ፣ ጠረጴዛው ላይ የሦስት ኮሌጅ ኮፍያ ተደርድሯል። ከኋላው የተቀመጠውን ልጅ መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ጢም አብቅሏል፣ ትከሻውም ሰፍቷል። ያወቅኩት እናቱን ነው፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቴ ነበር የምትቀመጠው። ብሮዲ ስታርክስ ነው። ሁለቱን ኮፍያ አልፎ እጁን ዘረጋና፣ ያንተን ብርቱካንማ ኮፍያ አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋው። እናቱ እያለቀሰች አጨበጨበች።

እትዬ ኤድዊና ካስኩን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ "ላቨርን፣ ይሄ የማርሊስን መንጋጋ የሰበረው ልጅ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። እኔ የማየው ኮፍያውን ነው። ከነበርኩበት የመለሰኝ የጸጉር ሽታ ነበር፤ የያዝኩት ካውያ የደንበኛዬን ጸጉር እያቃጠለው ነው። ምስኪን ሴትዮ እንኳን ልትቆጣኝ እጄን ያዝ አድርጋ "ተቀመጪ እስቲ" አለችኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አንተ ወጊው ሳትሆን እንዴት እንደረሳኸው ግን አልገባኝም። እንግዲያው ላስታውስህ። ልጄ ማርሊስ እዚህ ኮሌጅ የቡድኑ ወጌሻ ረዳት ነበረች፤ በየጠዋቱ የእነዚያን ግዙፍ ልጆች ቁርጭምጭሚት በፕላስተር ትጠቀልላለች። ብሮዲ ልምምድ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ሲቆም እየዞረበት፣ ለማንም እንዳትናገርበት ለመናት። እሷ ግን ሥራዋ ነውና ለሐኪሙ ተናገረች። ሐኪሙም ከትልቁ ጨዋታ አስቀረው። በማግሥቱ በቀትር፣ ከምግብ አዳራሹ ስትወጣ መኪና ማቆሚያው ጋ ጠብቆ አንድ ጊዜ መታት። አንድ ጊዜ ብቻ። ስድስት ሳምንት መንጋጋዋ በሽቦ ታስሮ፣ የበቆሎ ገንፎ አቅጥኜ በስትሮው አጠጣኋት። ልጁ ከቡድኑም ከኮሌጁም ተባረረ፣ ፍርድ ቤቱ ግን በገደብ ለቀቀው።

አንተስ ያኔ ምን አደረግክ? የውድድሩ መሃል ላይ ቡድንህን ጥለህ መጣህ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ፣ "እኔ በሕይወት እያለሁ ያ ልጅ ዳግመኛ ሄልሜት አያጠልቅም" ብለህ ግንባሯን ሳምካት። መናገር ስለማትችል ማስታወሻ ደብተሯ ላይ "አመሰግናለሁ አጎቴ፣ አሁን አልፈራም" ብላ ጻፈችልህ። ደብተሩ እስከ ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ አለ። እኔም ያን ቀን፣ እግዚአብሔር ባል ቢነሣኝ ወንድም ሰጥቶኛል ብዬ ነበር።

ኮፍያውን እንኳ እችለው ነበር መሰለኝ። ያልቻልኩት የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ በሰጠኸው መግለጫ የተናገርከውን ነው። አንዱ ጋዜጠኛ ስለተጎዳችው ልጅ ሲጠይቅህ ምን አልክ? "የልጅቱን ቤተሰብ አውቃቸዋለሁ፣ አነጋግሬያቸዋለሁ። እነሱም፣ ልጅቱም ይቅር ብለውታል። እነሱ ይቅር ካሉ እኔ ማን ነኝና ነው የምፈርድበት?" አልክ። የእህቴ ልጅ ናት አላልክም። "ልጅቱ" ነው ያልካት።

አነጋግሬያቸዋለሁ ያልከው የቱን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። በኋላ ትዝ አለኝ። የምስጋና ቀን ሰሞን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደውለህልኝ ነበር። እኔም በዚያው ሳምንት ረቡዕ በጸሎት ጉባኤ ላይ ቆሜ የተናገርኩትን ነገርኩህ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግነውና እዚያ ቆሞ ይቅር ብያለሁ ማለት ምን እንደሆነ አንተ አታጣውም። ሰው ቂሙ ሲገድለው ይነሣና ጉባኤው ፊት ያወርደዋል፣ ሰዉ አሜን ይላል፣ ከዚያ ማንም ያን ነገር አያነሣበትም። እኔን ደም ግፊት ሊጥለኝ ነበር፤ ያን ልጅ እየረገምኩ ምግብ መቅመስ አቅቶኝ ነበር። ለነፍሴ ያልኩት ነው። አንተም ረጋ ብለህ "ማርሊስስ?" አልከኝ። "እሷም ቀስ እያለች ትደርስበታለች" አልኩህ። "ተመስገን፣ ልቤ አረፈ" አልክ። ደስ አለኝ እኮ ራንዳል! ለእኛ የሚጨነቅልን ሰው አለ ብዬ ደስ አለኝ። አጎቷ የጠየቀኝ መስሎኝ ነው የመለስኩት። የጠየቀኝ ለካ አሰልጣኙ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አሁን ልመልሰው ብል ማን ይሰማኛል? ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

ማርሊስ ከመድኃኒት ቤቱ ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ ቀድሞ የነገራት ሰው ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ መግለጫህን በስልኳ ሦስት ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ "እማ፣ እኔ መቼ ነው ይቅር ያልኩት?" አለችኝ። ለአንተ ያልኩህን ሁሉ ነገርኳት፤ ምን አማራጭ አለኝ? "አንቺ ያልሽው ላንቺ ነው። እኔን ሳትጠይቂኝ ትደርስበታለች ለምን አልሽ?" አለችኝ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በአንድ አፍ ሁለታችንን አቃቃርከን፣ ይህን ማወቅ አለብህ።

ሐሙስ ስትደውልልኝ ያልከኝን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ ስልክህን ያነሣሁት የመጨረሻው ያ ነው። ማርሊስ በነሐሴ ነርስነት ልትማር አንተ ጋ እንደምትመጣ፣ ጃነል ፎቅ ላይ ክፍል እንደቀባችላት እያወቅክ፣ "ሜዳው በደቡብ ነው፣ የነርሶቹ ሕንፃ በሰሜን፤ በሠላሳ ሺህ ተማሪ መሃል እንኳን እሱን እኔንም አታገኘኝም" አልከኝ። በአጠገቧ እንዳያልፍ አስፈርሜዋለሁ አልክ። ተከላካይ የለኝም፣ ዘንድሮም ከተሸነፍኩ ያባርሩኛል፣ ከእኔ ጋር አርባ ሠራተኛ ይበተናል አልክ። ይህ የመጨረሻው እውነት እንደሆነ ገብቶኛል። በዚያው ብትጀምር ኖሮ ምናልባት አለቅስልህ ነበር። "ላቭ፣ ችግር ላይ ነኝ፣ ክፉ ነገር ላደርግ ነው" ብትለኝ እጣላህ ነበር እንጂ እንዲህ አልቃጠልም ነበር።

ደግሞ አሰልጣኝ ሃስኬልን አነሣህብኝ። ልክ ነህ፣ በአሥራ ሰባት ዓመትህ ጠጥተህ የመምህሩን መኪና መስታወት አድቅቀህ ስትባረር፣ እሱ ባይሰበስብህ ዛሬ የት እንደምትሆን አናውቅም። ግን አንተ የሰበርከው መስታወት ነው፣ ወንድሜ። ሃስኬልም አንተን የተቀበለህ ከመምህሩ በር ላይ ቆሞ፣ እሳቸውን ከነባለቤታቸው ጠይቆ ነው። እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ምን እንዳሉት ሰምቻለሁ። መምህሩ እሺ ባይሉት ወደ ቤትህ ይመልስህ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የዛሬ ሦስት ዓመት ሴት ልጅ ጎድቶ ከጆርጂያ የተባረረውን ተጫዋች ስትወስድ፣ የተጎዳችው ልጅ እናት በቴሌቪዥን ቀርባ ስታለቅስ አይተናል። እኔ ማበጠሪያዬን ይዤ፣ "ይቺ ሴትዮ አሁንስ ብትተወው ምናለበት? ሰው ተሳስቶ አይታረምም እንዴ? ወንድሜ የተጣለውን የሚያነሣ ሰው ነው" ብዬ ለደንበኞቼ ሰብኬአለሁ። ልጁ ያን ዓመት ስንት ተጋጣሚ ጠልፎ እንደጣለ እቆጥር ነበር። የሴትዮዋን ስም ግን ዛሬ ሳስበው አላስታውሰውም። ባስታውስ እጽፍላት ነበር።

አሁን ያደረግነውን ልንገርህ። ማርሊስ አልመጣም ብላ ለኮሌጅህ ጽፋለች። ነርስነቱን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ዓመት ይዘገይባታል፣ ያገኘችው ዕድልም ቀረባት። ሰማያዊ የተቀባውን ክፍል ለሌላ እንግዳ አድርጉት። እኔም ለኮሌጅህ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ልኬአለሁ፣ ግልባጩን ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። የጻፍኩት አጭር ነው፦ እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ልጄ ግን ምንም አላለችም፣ ልጁን ስለመውሰድ ማንም አልጠየቀንም። ፓስተር ግሬንጀር የዚያን ረቡዕ የተናገርኩትን ስለሰማ በምስክርነት ፈርሞበታል። ከኋላህ የሠራሁት እንዳይመስልህ ነው የምነግርህ።

ልጁን አባርረው አልልህም። እሱ ባንተና በሕሊናህ መሃል ያለ ነገር ነው፤ ልጁም ከሰው የተወለደ ነውና የትም ተምሮ ሰው ቢሆን አልጠላም። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንኑ ማይክ ይዘህ፣ እነዚያው ጋዜጠኞች ፊት፣ "ልጅቱ የእህቴ ልጅ ናት፣ ይቅር ብያለሁ አላለችም፣ እኔ ነኝ ያልኩላት" በል። የወሰድክባትን ቃል መልስላት። እስከዚያ ድረስ ባንዲራህ ከበረንዳው ወርዷል። እማማ የት ሄደ ብትለኝ ላጥበው ነው አልኳት። እሷ ምንም አታውቅም፤ በሰማንያ አንድ ዓመቷ አልነግራትም። ሆዴ ይፍጀው።

ጃነልን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ ክፍሉን ስትቀባ የደከመችውን እግዚአብሔር ይቁጠርላት። ኤቨሬትን ጥርስህን በደንብ ፋቅ በልልኝ። ለሩቢ የሠራሁላት ሹራብ በፖስታ ይመጣል፣ እጅጌው ቢረዝምባት ጠቅልላ ትልበሰው። እማማ ሰላም ብላሃለች፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን መቼ እንደሆነ ጻፍልኝ ብላሃለች። ፓስተር ግሬንጀር እየጸለየልህ ነው። እትዬ ኤድዊናም ሰላም ብላሃለች፤ ማሊያውን ግን የወለል መወልወያ እንዳደረገችው ሳልደብቅ እንድነግርህ አዝዛኛለች።

ማርሊስ ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጣለች። "ሰላም ብላሃለች ልበለው ወይ?" ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። ሁለቱንም ጊዜ ዝም አለችኝ። ስለዚህ ያላለችውን አልጽፍልህም።

ታላቅ እህትህ ላቨርን

ዌይቦርን፣ አላባማ
እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2016