በዘጠነኛው ቀን የነገርሽኝ

ጥር 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እግርሽስ? ባለፈው ሳምንት እናትሽ ያለ ክራንች ከአልጋሽ እስከ መስኮቱ መሄድሽን በስልክ ብትነግረኝ፣ ብረት የምቆርጥበት ቶርኖዬ ላይ ቆሜ ሳፏጭ ዋልኩ። ጎረቤቴ በያጁ "ዛሬ ደግሞ ምን አገኘህ?" ቢለኝ "ስምንት እርምጃ" አልኩት። አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም እንዳለ ነው። እናትሽ አንቺን አሳክማ ስትመለስ ግን ድስቶቿን እንዳታያቸው፤ ሁለቱ ከእንግዲህ የሰው ድስት አይሆኑም።

ስደውል አታነሺም። አልተቀየምኩም። እናትሽ "ተኝታለች" ትለኛለች፤ አጠገቧ መቀመጥሽን ግን ከድምጿ አውቃለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ ውሸቷን ካላወቅኩማ ምኑን ባል ሆንኩ? ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ባሻሽ ጊዜ አንብቢው። እስከ መጨረሻው ግን አንብቢው፣ የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ሞተር ብስክሌቱ ነው።

ሞተሩን የሸጠልን ወኪል ድርጅት ከአደጋው በኋላ የላከልሽ ደብዳቤ "አደጋው የደረሰው በአሽከርካሪዋ የጥንቃቄ ጉድለት ነው" ይል ነበር። ያን ቀን አንብበሽ ስትጨርሺ "እኔ ነኝ የገደልኳት" አልሽ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ትንፍሽ ብለሽ አታውቂም። ሁለታችሁም አዋላጆች፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ልጆች። ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብላችሁ ጓደኛሽን፣ ያቺን ሳቂታ፣ ከኋላሽ አፈናጠሽ ስትበሪ መሪው ከእጅሽ አመለጠ። አንቺ ተረፍሽ። እሷ አልተረፈችም።

እኔ ግን የሃምሳ ቀን ሞተር ሜዳ መንገድ ላይ እንዲያው ከመሬት ተነስቶ ይወድቃል ብዬ አላመንኩም። ከፖሊስ ግቢ አስለቅቄ ጋራዤ ውስጥ ፈታሁት። የፊት ጎማው የሚሽከረከርበት ብረት፣ እኛ ፔርኖ የምንለው፣ ለሁለት ተቆርጧል። ስብራቱን በማጉያ መነጽር አየሁት። አዲስ ስብራት እንደ ስኳር ያብለጨልጫል፤ ግማሹ እንደዚያ ነበር። ግማሹ ግን ጠቁሮ ዝገት ገብቶበታል። ብረቱ ከብዙ ቀን በፊት ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ሲሰነጠቅ ኖሯል ማለት ነው። በሞረድ ብሞክረው ሞረዱ መስታወት ላይ እንዳለ ይንሸራተትበታል። ፋብሪካው በእሳት ሲያጠነክረው ልኩን አሳልፏል። እንዲህ ያለ ብረት አይጎብጥም፤ አንድ ቀን ቀጭ ይላል።

ስብራቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ወኪሉ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ።

"አባቴ፣ ይሄ እኮ የተሰበረው በግጭቱ ነው" አለኝ።

"ከምን ጋር ተጋጭታ? መንገዱ ላይ ድንጋይ እንኳ አልነበረም።"

"ፍጥነት ይሆናላ። ደግሞ ሴት ልጅ ስትነዳ…" አለና ዓይኔን አይቶ ቀሪውን ዋጠው።

"ጨርሰው እንጂ" አልኩት።

እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። በስድስተኛው ጊዜ አዲስ ሞተር በምትኩ ሊሰጡኝ ወረቀት አቀረቡልኝ። ወረቀቱ "ሞተሩ ጉድለት አልነበረበትም" ይላል።

"ጉድለት ከሌለበት ለምን ትተካላችሁ?"

"በመልካም ፈቃድ ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ፈቃዱን ያዙት" ብዬ ሳልፈርም ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። እኔም በቀጥታ ውጭ አገር ላለው ፋብሪካ ጻፍኩ። የጤና ጣቢያችሁ ሐኪም ደብዳቤዬን ወደ እነሱ ቋንቋ ተረጎመልኝ። አራት ወር ሙሉ ጭጭ አሉ። በአምስተኛው ወር መሐንዲስ እንደሚልኩ ጻፉ፤ አስቀድሞ ግን አንድ ቅጽ እንድሞላ ጠየቁ። ሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ "ከአደጋው በፊት የታየ ምልክት ነበር? መቼ? ለማን ተነገረ?"

ልጄ፣ እዚህ ላይ እጄ ቆመ።

ሞተሩን በወሰድሽ በዘጠነኛው ቀን ጋራዥ መጣሽ። "አባዬ፣ ፍጥነት ስጨምር መሪው ይንቀጠቀጥብኛል፤ እስቲ እየው" አልሽኝ። እኔ ለነገ የተቀጠረ ሥራ ይዤ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል "አዲስ ነው፣ እስክትላመዱ ነው" አልኩሽ። "እርግጠኛ ነህ?" አልሽ። "ደግሞ አንቺ ስለ ብረት ልታስተምሪኝ ነው?" አልኩሽ። ስቀሽ ሄድሽ። ከወንበሬ አልተነሳሁም። ጎማውን በእጄ አላነቃነቅኩትም። ከዚያ ወዲያ አርባ አንድ ቀን የነዳሽው በእኔ ቃል ነው።

ይህን ለፖሊስ አልተናገርሽም። ለእናትሽም አልነገርሽም። ለምን ዝም እንዳልሽ አውቃለሁ። እኔም ስታለቅሺ አጠገብሽ ተቀምጬ፣ "አይዞሽ" እያልኩ፣ አውቄ ዝም አልኩ።

ሐኪሙ "ባዶ ይተዉት" ብሎ መከረኝ። "ባለሙያው አባቷ ተነግሮት ችላ አለ ብለው ጥፋቱን ወደ እርስዎ ያዞሩታል።" እውነቱን ነው። ግን ባዶ ከተውኩት ብረቱ ከመጀመሪያው የታመመ ለመሆኑ ከስብራቱ በቀር ሌላ ምስክር የለም። አንቺን የሚያነጻው ቃል እኔን የሚከስ ሆነ። ጻፍኩት፦ "በዘጠነኛው ቀን። ለአባቷ ተነገረ። አባቷ አላየም።"

መሐንዲሱ መጣ። ዝምተኛ፣ ጠና ያለ ሰው ነው። ስብራቱን ግማሽ ቀን አገላብጦ አየው። ከዚያ ቅጹን አውጥቶ ሰባተኛው ላይ ጣቱን አኖረና በሐኪሙ በኩል "ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። ቅጹን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

መልሱ የመጣው ባለፈው ሰኞ ነው፤ ቅጂውን አያይዤልሻለሁ። በእጅሽ ይዘሽ አንብቢው። ፔርኖው ሲሠራ ጀምሮ ጉድለት እንደነበረበት አምነዋል። "አሽከርካሪዋ ለአደጋው ምንም ጥፋት የለባትም" ይላል። ከዚያው ምርት የወጡ አራት መቶ ያህል ሞተሮች ተጠርተው ፔርኗቸው እንዲቀየር ታዟል። ሐሙስ ዕለት ወኪሉ ግቢ ሄጄ አየኋቸው፤ ተሰልፈዋል። አንዲት አስተማሪ ሁለት ልጆቿን ይዛ "የኔው ደህና ነበር እኮ! ሰውን ሥራ ማስፈታት!" እያለች ትነጫነጫለች። ደስ አለኝ። እንደተነጫነጨች ዕድሜዋን ትጨርሰው።

ትላንት የሳቂታዋ ጓደኛሽ እናት ዘንድ ሄድኩ። የፋብሪካውን ደብዳቤ አነበብኩላት፤ የዘጠነኛውን ቀንም ነገርኳት።

"ብታየው ኖሮ ታገኘው ነበር?" አለችኝ።

"አገኘው ነበር፣ እህቴ።"

ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ያባረረችኝ መስሎኝ ተነሳሁ። "ተቀመጥ፤ አየር አጥሮኝ ነው" አለች። ተመልሳ ተቀመጠችና "አንተን ይቅር ማለት እችል እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ አልችልም። ልጅህ ግን የት ነው ያለችው?" አለችኝ።

"ከእናቷ ጋር ናት፤ እየታከመች ነው።"

"መታከሟንማ ሰማሁ። በዚህ በር ሁለቱ ተያይዘው ነበር የሚገቡት። ዓመት ሊሞላ ነው፣ አንድ ቀን ድምጿን አላሰማችኝም። አንዷን ሞት ወሰዳት። ሌላዋን ማን ወሰደብኝ?"

የስልክ ቁጥሯን በገዛ እጇ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። እስከ ረፋድ ድረስ ከቤት አትወጣም።

ለእኔ መልስ መጻፍ የለብሽም። ለእሷ ግን ደውዪላት። ምን ልበል ብለሽ አትጨነቂ፤ ድምጽሽን ነው የፈለገችው።

እግርሽን ያጽናልሽ። እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ። ስንቱን ሕፃን የተቀበሉ እጆችሽን ወደ ሥራቸው ይመልስልሽ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ስጫትና ታንብበው። እስከ ዛሬ አታውቅም።

አባትሽ