ስለ ጥያቄ ቁጥር 27 እና ስለጎደለችኝ አንድ ነጥብ

ቀን፦ ሰኔ 11

ለሠራተኞች ፈተናና ምደባ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በስምሪት ተቆጣጣሪነት ፈተና ጥያቄ ቁጥር 27 በስህተት ስለታረመብኝ እንደገና እንዲታይልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች አሥራ አንድ ዓመት በአምቡላንስ ሾፌርነት አገልግያለሁ። ባለፈው ሳምንት የስምሪት ተቆጣጣሪነት ፈተና ወስጄ፣ ማለፊያው 60 ሲሆን 59 አመጣሁ። ደንቡ ከሁለት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቅድም፤ ይህ ሁለተኛዬ ነው። ምደባው የፊታችን ዓርብ ይዘጋል።

2. ጥያቄው «አንድ መኪና 60 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ሄዶ፣ በዚያው መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ ቢመለስ፣ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው?» ይላል። እኔ 40 ብዬ መለስኩ። ማረሚያው ላይ ያለው ግን 45 ነው።

3. መኪናው ሲሄድ 1 ሰዓት፣ ሲመለስ 2 ሰዓት ይፈጅበታል። 120 ኪሎ ሜትር በ3 ሰዓት ማለት ነው፤ 40 ይወጣል። ስልሳና ሠላሳን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚያስኬደው በሁለቱም ፍጥነት እኩል ሰዓት ቢነዳ ነበር። እዚህ ግን በዝግታው እጥፍ ጊዜ ስለነዳ ሚዛኑ ወደ ዝግታው ያደላል።

4. ይህንኑ ለማስረዳት እርማት ክፍል ብሄድ፣ ባለሙያዋ ወረቀቴን ሳያዩ «ወንድሜ፣ ስልሳና ሠላሳ ዘጠና፣ ግማሹ አርባ አምስት! ይሄ ምኑ ያከራክራል?» አሉኝ። «እህቴ፣ ሰዓቱን ይዩልኝ» ብላቸው «ማሽን ያረመውን ሰው አያርመውም» ብለው መስኮቱን ዘጉት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከማፈሬ የተነሳ አብሬ ሳቅኩ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ያለውን ባለቤቴ አይታ አርማልኛለች። ከዚህ በታች ያለውን አላየችውም።

ከሁለት ዓመት በፊት ምጥ የጠናባት ሴት ልናመጣ ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኝ መንደር ከአዋላጅ ጋር ሄድን። ባዶውን መኪና በሰዓት ስልሳ አበረርኩት። ስንመለስ አዋላጇ ከኋላ «ኧረ በእናትህ ቀስ በል፣ ልትገድላት ነው!» እያለች ስትጮህ ከሠላሳ ማለፍ አልቻልኩም። ተረኛው ተቆጣጣሪ ግን ደርሶ መልሱን በአርባ አምስት አስልቶ የምንደርስበትን ሰዓት ለቀዶ ሕክምና ክፍል ነግሯል። ሃያ ደቂቃ ዘገየን። ሐኪሞቹ ጠብቀው ጠብቀው ሌላ በሽተኛ ይዘው ገብተዋል። እናትየው ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። አባትየው የመኪናውን በር ይዞ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የዘገየኸው?» አለኝ። በማግስቱ ደብተር ገዝቼ ሒሳብ መማር ጀመርኩ።

ሌላም ለማንም ያልተናገርኩት አለ። ከአራት ወር ወዲህ የወገቤ ሕመም ቀኝ እግሬን እያደነዘዘው ነው። ፍሬን መርገጤን የማውቀው መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ነው። ፈተናውን አልፌ ተቆጣጣሪው ወንበር ላይ እስክቀመጥ ብዬ ደበቅኩት፤ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ትናንት መስቀለኛ መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ በክንድ ርቀት ተረፈችልኝ። እሷ ዞራ እንኳ ሳታየኝ መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን መሪውን የጨበጡ እጆቼን ማላቀቅ አቃተኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ አስረክቤአለሁ። ነጥቡ ተመለሰልኝም አልተመለሰልኝም ከእንግዲህ አልነዳም። የምለምነው ከዓርብ በፊት አንድ የሒሳብ መምህር ጠርተው ጥያቄ 27ን እንዲያሠሩልኝ ብቻ ነው። ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ስላላወቅኩ ቤት አልሄድኩም። ቢሮዎ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቢያስጠሩኝ እሰማለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ፊርማ ____________
አመልካች፣ የ4 ቁጥር አምቡላንስ ሾፌር የነበርኩ