ለልጄ የታጣው በርጩማ

ለተከበሩ ርእሰ መምህር አቶ ፋንታሁን
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ እኔ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በገበያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ እንጂ ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም።

ልጄ ዓይናዲስ የአሥረኛ ክፍል ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አልፋ ለመሰናዶ የተፈጥሮ ሳይንስን መርጣ ነበር። ታላቅ እህቷ ሸጌ ምጥ ጠንቶባት ከሰሃላ በቃሬዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ከቀረችብን ወዲህ፣ ይህች ልጅ ነርስ ከመሆን ሌላ ሐሳብ የላትም። እርስዎ በለጠፉት ዝርዝር ግን ስሟን ያገኘሁት ማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ ነው። ከእኔ ከአባቷ በላይ ስላሰቡላት አመሰግናለሁ። ማኅበራዊ ሳይንስን ንቄ አይደለም፤ ምጥ የያዛትን ሴት ግን በጂኦግራፊ አያዋልዷትም።

አንደኛ፣ ምክትልዎ እንደነገሩኝ ላቦራቶሪው ያለው በርጩማ ሃያ ስምንት ብቻ ስለሆነ ከሃያ ስምንት ተማሪ በላይ አይቀበልም። እነዚያን በርጩማዎች በ1993 ዓ.ም. በእጄ የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ አርባ ነበሩ። ምስጥ እንኳ እንጨት ሲበላ ዱቄቱን ይተዋል፤ ከእኔዎቹ ግን ዱቄትም አልተረፈም።

ሁለተኛ፣ የላቦራቶሪው መስኮት ዘንድሮ በጋዜጣ ተሸፍኗል። ዘበኛው አቶ ቅጣው፣ ኬሚካሉን ፀሐይ እንዳይጎዳው ነው አሉኝ። ኬሚካሉ መቼ እንደመጣ ስጠይቃቸው ገና አልመጣም አሉ። ላልመጣ ዕቃ ይህን ያህል መጠንቀቅዎ የሚያስመሰግን ነው።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ቅዳሜ የባለቤትዎ ወንድም አቶ ይግዛው አዲስ ወደ ከፈቱት ጠጅ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የተቀመጥኩበት በርጩማ አላስችል ብሎኝ ብገለብጠው፣ በሠራሁት ዕቃ ሁሉ ላይ በጋለ ብረት የምተኩሳት መስቀል ከሥሩ አለች። ጠጪዎቹን ይቅርታ እየጠየቅሁ የቀሩትንም ገለበጥኩ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። በሰው ክፉ ማሰብ አልወድም፤ ነገር ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ምናልባት በእግራቸው ሄደው ይሆናል፤ ለእያንዳንዳቸው አራት አራት እግር የሰጠሁ እኔ ስለሆንኩ የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው።

ስለዚህ ጥፋቴን ይቅር ብለው የልጄን ስም ወደ መረጠችው ክፍል እንዲመልሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለክብርዎ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ የምነሣ፣
የአርባዎቹ በርጩማዎች አባት፣
አናጢ ወንዳወቅ ገብረ ጻድቅ
መስከረም 1996 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ለዓይናዲስ አርባ አንደኛውን በርጩማ ሠርቼላታለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ተሸክማው ትመጣለች። ቦታ የለም ተብላ ከተመለሰች ግን የኬሚስትሪ መምህሩን ወደ አቶ ይግዛው ቤት ይላኩልን። መቀመጫ እዚያ ሞልቷል፤ ደግሞም ከእርስዎ ላቦራቶሪ ይልቅ እዚያ የሚፈላ ነገር አለ።