ያልጮኸች አላማጠችም ለሚባልበት ኬላ ኃላፊ

ለተከበሩ የኬላዎችና የመንገድ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በጠገበ እንቅልፍና በሚመች ወንበር ላይ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። ተቀምጬ የጀመርኩትን ቆሜ እየጻፍኩ ስለሆነ መስመሩ ቢንጋደድ ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ። ሰሞኑን አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል፤ ልጁ ይራገጣል፣ እኔም ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እላለሁ፤ ከሁለቱም የሚታየኝ የእርስዎ ኬላ ነው።

ጤና ጣቢያው ከኬላው ማዶ፣ እኛ ከወዲህ መሆናችን የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ጦርነቱንም እርስዎ አልጀመሩትም። ቢሆንም ስለ አስተዳደርዎ ጥቂት ምስጋና ሳላቀርብ ብወልድ ነውር መስሎ ታየኝ።

፩. በሰዓት እላፊ ማለፍ የምትፈልግ ነፍሰ ጡር ምጧ የሚጀምርበትን ሰዓት ጠቅሳ አስቀድማ እንድታመለክት ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሥርዓት ደስ ይላል። እኔም ትእዛዝዎን አክብሬ ሆዴን ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ በእርግጫ ብቻ መለሰልኝ። ባለቤቴ በግምት እንሙላው ቢለኝ፣ ለባለሥልጣን መዋሸት ያስከስሳል ብዬ ተውኩት።

፪. የማዋለጃ ክፍሉ ጄኔሬተር ተነስቶ የኬላውን መብራት እንዲያበራ ስለወሰኑም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ማዶ ያለችው አዋላጅ በስልኳ ብርሃን ታዋልዳለች፤ ሁለት እጇ ሲያዝ ስልኩን በጥርሷ ትይዘዋለች ይባላል። ኬላው ላይ ግን ብርሃኑ የመርፌ ቀዳዳ ያሳያል። ይህን የማነሳው፣ ዘበኛዎ የታላቅ እህቴን ፊት አጥርቶ አላየም ብሎ የሚከራከርልዎ ሰው እንዳይኖር ነው።

፫. እህቴን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ምጥ የያዛት በሰዓት እላፊ ነበር፤ ባሏ በእጅ ጋሪ እየገፋ ኬላው ድረስ አደረሳት። እኛ እህትማማቾች “ሆድ ይፍጀው”፣ “ዝም አይነቅዝም” እየተባልን ያደግን ነንና፣ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ዝም አለች። ዘበኛዎ መብራቱን ፊቷ ላይ አድርጎ መረመራትና፣ ምጥ የያዛት ሴት ትጮሃለች፣ ይህቺ ግን አልጮኸችም፣ ስለዚህ አላማጠችም፣ እስኪነጋ ትጠብቅ ብሎ ፈረደ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ጢም ገና ያላበቀለ ወንድ ሲያስተምር ለማየት ግን በእርስዎ ዘመን በቃሁ። ባሏ ለመነ፣ ተንበረከከ። እሷ የአሸዋ ከረጢቱን ተደግፋ ሻርፗን እንደነከሰች ቆየች። ሲነጋ ኬላውን አለፉ። እሷ ተረፈች። የወለደችው ሴት ልጅ ነበር፤ ሕፃኗም አልጮኸችም።

 ዘበኛዎ ከዚያ ወዲህ እንደተሾመ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ።

፬. አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን የሥራ ሪፖርት ነው። እህቴ አሁን ጩኸት ታስተምረኛለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ስፌት ቤቴ ትመጣለች፤ ጎረቤት እንዳይደነግጥ የስፌት መኪናዬን ባዶውን እየረገጥኩ በድምፁ ተከልዬ እጮሃለሁ። እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታርመኛለች፤ ይሄ አይጥ ያየች ሴት ጩኸት ነው፣ ኬላ አያሳልፍም ትለኛለች። አንዳንዴ ላሳይሽ ብላ አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። ያኔ መኪናውን አቆምና ሻርፗን አስተካክልላታለሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ የሚቀበለውን ጩኸት ዓይነት በግልጽ ያሳውቁን። አንድ ረዥም ይበቃል ወይስ ደጋግሞ ነው? “እናቴ” ማለት ይፈቀዳል ወይስ ቃል የሌለበት ይሻላል? ዘበኛው ሩቅ ከቆመ ከየት ጀምረን እንጩህ? እኔ የምችለውን ሁሉ እያጠናሁ ነው፤ ነገር ግን እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝና፣ ያን ሰዓት ጥርሴ በራሱ ጊዜ ይገጥምብኛል ብዬ እፈራለሁ። ይህን ልጅ እፈልገዋለሁ። ሲጮህ መስማት እፈልጋለሁ።

የልጅ ልጆችዎን ሰዓት ሳይጠየቁ ሲወለዱ የሚያዩበት ረዥም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በሆዴ ምክንያት ዝቅ ብዬ እጅ መንሳት ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣

ከኬላዎ ወዲህ ያለችው፣ መቀመጥም መቆምም ያቃታት ልብስ ሰፊ።

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ይህን ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ እባክዎ ለኬላው ዘበኞች ይስጡልኝ፤ በኪሳቸው ይያዙት። ምናልባት ያን ዕለት ጋሪው ላይ ሆኜ ዝም ካልኩ፣ ይህ እንደ ጩኸት ይቆጠርልኝ።